ስለማይታየው ብርሃንና ስለ ናይትሮጅን ቀለበቶች

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ አባሎች የተነበበ ንግግር)



ዛሬ ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል ስናከብር፥ እኛ የሳይንስ ክበብ አባሎች ጥቂት ደቂቃ እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከሁሉ አስቀድመን ምስጋናችንን እናቀርባለን። በእንዲህ ያለ ቀን ተማሪ ቆሞ የሚናገረው ብዙውን ጊዜ ስለ ሠራው መልካም ሥራ ነው። እኛ ግን በፊታችሁ የቆምነው አንድ ስሕተታችንን ለማረም ነው።

ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ «ሕይወት የተሠራባቸው የናይትሮጅን ቀለበቶች በከዋክብት መካከል ባለው ደመና ውስጥ በማይታይ ብርሃን አማካይነት ተገኙ» ብለን አንብበን ነበር። ከመካከላችን የአንዱ አባት በቡሬ በኩል የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ይህንን ወሬ ማታ ቤት ሲያጫውታቸው፥ ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና «ለመሆኑ፥ ልጄ፥ ማን ወጥቶ ቀምሶት መጣ?» ሲሉ ጠየቁት። ልጁም መልስ አጣ። በማግሥቱ ለእኛ ሲነግረን በመጀመሪያ ሳቅን፤ ኋላ ግን መልሱን እኛም የማናውቀው መሆናችን ገባንና ሳቁ ቀረ። ከመምህራችን ጋራ ሆነን መልሱን ስንፈልግ ደግሞ፥ ያነበብነው ወሬ ራሱ ከእውነተኛው ነገር አልፎ የሄደ ሆኖ አገኘነው። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» እንደሚባለው የተነገረ ነገር አይመለስም፤ ሊታረም ግን ይችላል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ልናስረዳ እንወዳለን። በንግግራችን ውስጥ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ የማይታይ ብርሃን ማለት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። እናቶቻችን እንጀራ ሲጋግሩ ምጣዱ መጋሉን የሚያውቁት ቀልቶ በማየት አይደለም። ምጣዱ አይቀላም፤ ይሁን እንጂ መዳፍ ጠጋ ሲል ሙቀቱ ይታወቃል። ከምጣዱ ወጥቶ ወደ እጃችን ከሚደርሰው ሙቀት አንዱ ክፍል ጨረር ነው፤ ይኸውም ከቀይ ብርሃን ቀጥሎ የሚገኝ፥ ዐይናችን ሊያየው የማይችል ብርሃን ነው። ስሙም ታሕተ ቀይ ወይም ኢንፍራሬድ ይባላል።

ይህንን ብርሃን በ1800 ያገኘው በእንግሊዝ አገር ይኖር የነበረው የከዋክብት ተመራማሪ ዊልያም ኸርሸል ነው። የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አኖረ። ከቀዩ ቀለም ውጭ፥ ምንም ብርሃን በማይታይበት ስፍራ ያኖረው ቴርሞሜትር ግን በቀለሞቹ ላይ ካሉት ይልቅ ከፍ አለ። ኸርሸልም ዐይን የማያየው ብርሃን መኖሩን በዚህ ተረዳ። ዐይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገዱ ርዝመት ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮን ያህል ነው፤ ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ክፍል ነው። ከዚህ የረዘመው ታሕተ ቀይ ይሆናል።

አሁን ደግሞ ይህ ብርሃን ስለ ሞለኪዩል እንዴት ሊነግረን እንደሚችል እንመልከት። በሞለኪዩል ውስጥ ያሉት አቶሞች ጸጥ ብለው የተቀመጡ አይደሉም፤ ሁልጊዜ ይወዛወዛሉ። ክራር የሚመታ ሰው እንደሚያውቀው፥ ክር በጠበቀ መጠን ድምፁ ይቀጥናል፤ በወፈረ መጠን ደግሞ ድምፁ ይወፍራል። ሞለኪዩልም እንዲሁ ነው። አቶሞቹን የሚያያይዘው ኀይል እንደ ክሩ መጥበቅ ነው፤ የአቶሞቹ ክብደትም እንደ ክሩ ውፍረት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ዓይነት ሞለኪዩል የራሱ ድምፆች አሉት ማለት ይቻላል፤ ድምፆቹም የሚሰሙት በጆሮ ሳይሆን በታሕተ ቀይ ጨረር ነው። ሞለኪዩሉ ከመወዛወዙ ጋራ የሚስማማውን ጨረር ይውጣል፤ ሲሞቅም ያንኑ መልሶ ያወጣል። ስፔክትሮስኮፕ የተባለው መሣሪያ የትኛው እንደ ተዋጠና የትኛው እንደ ወጣ ለይቶ ይመዘግባል።

አንድ ሞለኪዩል ስንት ዓይነት መወዛወዝ እንዳለው በክፍላችን ቁጭ ብለን ልናሰላ እንችላለን። አቶሞቹ በአንድ ቀጥታ መስመር የተደረደሩ ካልሆኑ በቀር፥ የአቶሞቹን ቍጥር በ3 አባዝቶ 6 መቀነስ ነው። ለምሳሌ ያህል በየቤታችን በሚፈላው ቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን እንውሰድ። ካፌይን 8 ካርቦን፥ 10 ሃይድሮጅን፥ 4 ናይትሮጅንና 2 ኦክስጅን ስላለው በጠቅላላው 24 አቶሞች አሉት፤ እንግዲህ 66 ዓይነት መወዛወዝ አለው ማለት ነው። በዚሁ ድምፁ ሊታወቅ ስለሚችል፥ በ2017 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ባልተቆላ ቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን በታሕተ ቀይ ጨረር የሚለኩበትን ዘዴ አሳትመዋል። ስለዚህ ይህ ትምህርት ለአገራችን እንግዳ አይደለም።

ካፌይንን ለምሳሌ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ካፌይን የተሠራው እርስ በርሳቸው ከተያያዙ ሁለት ቀለበቶች ነው፤ አራቱም ናይትሮጅኖች በቀለበቶቹ ላይ ገብተው ተቀምጠዋል። ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን የዘር መልእክት የሚጽፉት ሞለኪዩሎችም እንዲሁ የናይትሮጅን ቀለበቶች ናቸው። አዴኒንና ጉዋኒን እንደ ካፌይን ባለ ሁለት ቀለበት ሲሆኑ፥ ሳይቶሲን፥ ታይሚንና ዩራሲል ባለ አንድ ቀለበት ናቸው። የቅጠልን አረንጓዴነትና የደምን ቀይነት የሚሰጡት ሞለኪዩሎችም ናይትሮጅን ባላቸው ቀለበቶች የተሠሩ ናቸው። እንግዲህ «እንዲህ ያሉ ቀለበቶች በሰማይ አሉ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሕይወት የተሠራበት ነገር ከወዴት መጣ ብሎ መጠየቅ ነው። በአነበብነው ወሬ የቸኰልነውም ጥያቄው ታላቅ ስለ ሆነ ነበር።

ናይትሮጅን በቀለበት ውስጥ ሲገባ ምን ይለውጣል? ቤንዜን የተባለው ሞለኪዩል 6 ካርቦንና 6 ሃይድሮጅን ያለው ቀለበት ነው፤ ስሙ ቢመስልም የመኪናው ቤንዚን እንዳይመስላችሁ። በሂሳባችን መሠረት 30 ዓይነት መወዛወዝ አለው። ይሁን እንጂ ሞለኪዩል ታሕተ ቀይ ጨረርን ሊውጥ የሚችለው በመወዛወዙ ጊዜ የኤሌክትሪክ ሚዛኑ የሚለዋወጥ እንደ ሆነ ብቻ ነው። በአህያ ጀርባ ላይ በግራና በቀኝ እኩል የተጫነ ጭነት ሚዛኑን እንደሚጠብቅ፥ ቤንዜንም ጎኑ ሁሉ እኩል ስለ ሆነ በአብዛኛው መወዛወዙ ሚዛኑ አይለወጥም። ስለዚህ መሠረታዊ ድምፁ የሚሰማው በ4 የሞገድ ርዝመት ብቻ ነው። አሁን አንዱን ካርቦን ከነሃይድሮጅኑ አውጥተን በስፍራው አንድ ናይትሮጅን ብናስገባ ፒሪዲን የተባለ ሞለኪዩል ይሆናል። አቶሞቹ 11 ስለ ሆኑ መወዛወዙ 27 ዓይነት ነው፤ ናይትሮጅን ግን ኤሌክትሮንን ከካርቦን ይልቅ ወደ ራሱ ስለሚስብ የጭነቱ ሚዛን ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። በዚህም ምክንያት ከ27ቱ 24ቱ በታሕተ ቀይ ጨረር ዘንድ ድምፅ ያገኛሉ። አንዲት አቶም ብትለወጥ የቀለበቱ ሁሉ ድምፅ ይለወጣል ማለት ነው።

እንግዲህ ከቤተ ሙከራ ወደ ሰማይ እንውጣ። ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ተመራማሪዎች በሚሞቱ ከዋክብት ዙሪያ ካለው ጋዝና በልዩ ልዩ የትቢያ ደመና ውስጥ የሚወጣ የታሕተ ቀይ ብርሃን አዩ። ብርሃኑ በ3.3፥ በ6.2፥ በ7.7፥ በ8.6ና በ11.3 ማይክሮን አካባቢ ይበረታ ነበር። ለጊዜው ከምን እንደሚወጣ ያወቀ አልነበረም። በ1984ና በ1985 ግን የፈረንሳይና የአሜሪካ ተመራማሪዎች፥ ይህ እንደ ማር እንጀራ ዐይኖች ጎን ለጎን የተያያዙ ብዙ የካርቦን ቀለበቶች ያሏቸው ሞለኪዩሎች ድምፅ ነው ሲሉ አሳብ አቀረቡ፤ ይህም አሳብ በሰፊው ተቀባይነት አገኘ።

ይህንን ብርሃን ከምድር ላይ ሆኖ መቀበል አስቸጋሪ ነው። በአየራችን ውስጥ ያለው የውሃ እንፋሎትና የካርቦን ዳይኦክሳይድ አብዛኛውን ታሕተ ቀይ ጨረር በመንገድ ላይ ይውጠዋልና። ስለዚህ ቴሌስኮፕን በከፍተኛ ተራራ ላይ፥ በአውሮፕላን ውስጥ ወይም ከአየር ውጭ ማኖር ያስፈልጋል። ታኅሣሥ 25 ቀን 2021 በአውሮፓውያን አቈጣጠር ወደ ሰማይ የተላከው ጄምስ ዌብ የተባለው ቴሌስኮፕ የመስተዋቱ ስፋት 6.5 ሜትር ሲሆን፥ የተተከለው ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ከፀሐይ ሙቀት የሚከልለው አምስት ድርብ መጋረጃ አለው፤ የሞቀ ቴሌስኮፕ ራሱ ታሕተ ቀይ ጨረር ስለሚያወጣ፥ ካልቀዘቀዘ የሩቁን ሊለይ አይችልምና። በእሳት ዳር ቆሞ የሩቅ ሻማ ሙቀትን መለየት እንደማይቻል ነው።

በዚህ ላይ አንድ እንቈቅልሽ ተነሣ። ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ ያሏቸው ቀለበቶች በቤተ ሙከራ ሲመረመሩና በስሌት ሲፈተሹ አንደኛው ድምፃቸው በ6.3 ማይክሮን አካባቢ ይወድቃል። ከሰማይ የሚመጣው ግን በብዙ ስፍራ በ6.2 ላይ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም፥ ክራር ቃኚ ጥቂት የላላ ክር እንደማያመልጠው ሁሉ ተመራማሪዎችንም አላመለጣቸውም። በ2005 ዳግላስ ሃጅንስ፥ ቻርልስ ባውሽሊከርና ሉዊስ አላማንዶላ የተባሉ የአሜሪካ ሳይንቲስቶች፥ በቀለበቶቹ መካከል ከካርቦን አንዱ በናይትሮጅን ቢተካ ድምፁ ወደ 6.2 እንደሚሄድ አሳዩ። ሌሎች ሳይንቲስቶች ግን ለዚሁ ነገር ሌላ ምክንያት አቅርበዋል፤ ክርክሩም አልተዘጋም።

የእኛ ስሕተት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በበዓል ሌሊት በሩቅ ሆነን ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣውን የከበሮና የዜማ ድምፅ ስንሰማ ማኅሌት መቆሙን ያለ ጥርጥር እናውቃለን። ይሁን እንጂ ከደብተራዎቹ መካከል የትኛው እንደሚመራ በዚያ ርቀት ልንለይ አንችልም። የሰማዩም ታሕተ ቀይ ድምፅ እንዲሁ ነው። የቀለበቶች ማኅበር መኖሩን ይነግረናል፤ የእያንዳንዱን ቀለበት ስም ግን አይነግረንም፤ የብዙ ዓይነት ሞለኪዩል ድምፅ ተደራርቦ የሚመጣ ነውና። እኛ «ናይትሮጅን ሊኖር ይችላል» የተባለውን ወስደን «ተገኘ» አልን።

ሁለተኛው ስሕተታችን ሁለት ወሬዎችን ማደባለቃችን ነው። በ2018 ቤንዞናይትራይል የተባለ ቀለበት በታውረስ የከዋክብት ክልል ባለ፥ 430 የብርሃን ዓመት ያህል በሚርቅ ቀዝቃዛ ደመና ውስጥ መገኘቱ ተገልጿል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የተገኘው በታሕተ ቀይ ሳይሆን በራዲዮ ሞገድ ነው። ራዲዮው የሚቀበለው ሞለኪዩሉ ሲሽከረከር የሚያወጣውን ሞገድ ስለ ሆነ፥ አንዱን ሞለኪዩል ከሌላው በስሙ ለመለየት ይችላል። ከዚህም በላይ የዚያ ሞለኪዩል ናይትሮጅን ከቀለበቱ ውጭ እንደ ጅራት የተቀጠለ ነው እንጂ በቀለበቱ ውስጥ የገባ አይደለም። ናይትሮጅን በውስጡ የገባበትን ባለ አንድ ቀለበት ፒሪሚዲንን በራዲዮ ቴሌስኮፕ የፈለጉ ሰዎች በ2003 ያወጡት ጥናት መገኘቱን አላረጋገጠም። በታውረሱም ደመና እንዲህ ያሉ ቀለበቶችን የፈለጉ ሌሎች ተመራማሪዎች ምንም እንዳላገኙ በ2022 አስታውቀዋል።

ለምን ሳይገኙ ቀሩ ቢባል፥ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል፤ ከከዋክብት የሚወጣው ብርቱ የአልትራ ቫዮሌት ጨረር ቀለበቶቹን ይሰብራቸዋል። በቤተ ሙከራ እንደ ታየው በቀለበቱ ውስጥ የናይትሮጅን ቍጥር በበዛ መጠን ስብራቱ ይፈጥናል። ስለዚህ ሊቈዩ የሚችሉት ጥላ በሚያገኙበት ስፍራ ነው፤ ይኸውም በወፍራም ደመና ልብ ወይም በድንጋይ ውስጥ።

በድንጋይ ውስጥ ስንል ወደ ገበሬው ጥያቄ መመለሳችን ነው። ራሱ ድንጋዩ ወደ ምድር የመጣበት ጊዜ አለና። በ1969 በአውስትራልያ መርቺሰን በተባለ ስፍራ በወደቀው የሰማይ ድንጋይ ውስጥ የናይትሮጅን ቀለበቶች ተገኝተዋል። ነገር ግን ድንጋዩ መሬት ላይ ከወደቀ በኋላ ከአፈሩ የተቀላቀለ ይሆን ወይ የሚል ጥርጥር ነበር። ይህንን ጥርጥር ለማስወገድ ሰዎች ድንጋዩ ካለበት ድረስ መሣሪያ ላኩ። የጃፓን መንኰራኵር ሪዩጉ ከተባለው አስቴሮይድ የወሰደውን አፈር በታኅሣሥ 2020 ወደ ምድር አደረሰ። በ2023 እንደ ተገለጠው በዚያ አፈር ውስጥ ዩራሲልና፥ በቀለበቱ ናይትሮጅን ያለው ናያሲን የተባለው ቪታሚን ተገኙ። የአሜሪካም መንኰራኵር ቤኑ ከተባለው አስቴሮይድ 121.6 ግራም አፈር መስከረም 24 ቀን 2023 በአውሮፓውያን አቈጣጠር አወረደ። በጥር 2025 በወጣው ጥናት አምስቱም የዘር መልእክት ቀለበቶች፥ ማለት አዴኒን፥ ጉዋኒን፥ ሳይቶሲን፥ ታይሚንና ዩራሲል፥ በቤኑ አፈር ውስጥ መገኘታቸው ታወቀ።

እነዚህ ቀለበቶች በጨለማው ደመና በረዶ ላይ ተሠሩን ወይስ በአስቴሮይዱ ውስጥ በነበረው ውሃ? ይህ ገና የሚመረመር ነገር ነው። በአሜሪካ ቤተ ሙከራ ፒሪሚዲንን ከውሃ በረዶና ከሌሎች በረዶዎች ጋራ አቀዝቅዘው አልትራ ቫዮሌት ጨረር ባበሩበት ጊዜ ከ2009 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት በተከታታይ ዩራሲልን፥ ሳይቶሲንንና ታይሚንን አግኝተዋል። ይህ ሊሠሩ እንደሚችሉ ያሳያል፤ በዚያ መንገድ ተሠርተዋል ግን አያሰኝም። ደግሞም ቀለበቱ መገኘቱ ሕይወት ተገኘ ማለት አይደለም። ጡብ የተከመረበት ስፍራ ሁሉ ቤት አይደለምና።

እንግዲህ ያን ጥያቄ የጠየቁን አባት ዛሬ በመካከላችን ስላሉ መልሳችንን በአክብሮት እናቀርባለን። አባታችን፥ ወደ ከዋክብት ደመና ወጥቶ የቀመሰ ማንም የለም። ከዚያ የሚመጣውን ብርሃን ተቀብለን ድምፁን በምድር ከምናውቀው ድምፅ ጋራ እናስተያያለን፤ ይህም የቀለበቶችን ወገን ያሳውቀናል፤ ስማቸውን ግን ሁልጊዜ አይነግረንም። ከአስቴሮይድ ላይ ግን መሣሪያ ሄዶ አፈሩን ይዞ መጥቷል፤ ቀለበቶቹም በእርግጥ በዚያ ተገኝተዋል። ጥያቄዎ ከወሬያችን ይልቅ የሳይንስ ጥያቄ ነበር፤ ስለ ጥያቄዎም እናመሰግናለን።

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ወላጅ ቢኖር፥ ይህም ተገቢ ጥያቄ ነው። ይኸው የታሕተ ቀይ ዘዴ በምድር ላይ የመድኀኒትን ትክክለኛነት ለመመርመርና በምግብ ውስጥ የተቀላቀለን ባዕድ ነገር ለመለየት ያገለግላል። በርበሬዋን ወደ ገበያ ለምታወጣ ቡሬ፥ ንጹሕን ከተቀላቀለ የሚለይ ዕውቀት ያላቸው ልጆች ቢኖሯት ትርፉ የሁላችን ነው።

ትምህርት ቤታችን ስፔክትሮስኮፕ የለውም። ይህ ግን ዕውቀቱ ከእኛ ተዘግቷል ማለት አይደለም። የቀለበቶቹን ድምፅ የሚያሳየው የአሜሪካ ጠፈር ድርጅት መዝገብ በኢንተርኔት ለማንም ሰው በነጻ ክፍት ነው። በአገራችንም በእንጦጦ ተራራ ላይ የመስተዋታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ ከዚህ ክፍል የወጣ ተማሪ አንድ ቀን በዚያ ሊሠራ ይችላል። የኸርሸልን ሙከራ በዚሁ ግቢ ለመድገም ደግሞ የሚያስፈልገን አንድ ፕሪዝምና ጫፋቸው በጥቁር ቀለም የተቀባ ሦስት ቴርሞሜትሮች ብቻ ናቸው። ክቡር ዲሬክተራችንና ወላጆቻችን እነዚህን እንድናገኝ ቢረዱን፥ ከሚቀጥለው በዓል በፊት በዚሁ አደባባይ የማይታየውን ብርሃን ቴርሞሜትሩ ከፍ ሲል በዐይናችሁ እንድታዩት እናደርጋለን።

እኛም በበኩላችን አንድ ደንብ አውጥተናል። ከእንግዲህ ወዲህ «ይህ እንዴት ታወቀ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የማንሰጥበትን የሳይንስ ወሬ በሚኒ ሚዲያ አናነብም። ታናናሾቻችንም ይህንን ደንብ እንዲጠብቁት አደራ እንላለን፤ እኛ ብንዘነጋው ደግሞ ወላጆቻችን እንደ ቡሬው አባት እንዲጠይቁን እንለምናለን።